ባቡሩ ሲረከብ ያልተቆጠሩት

ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. እኛ ገናን ስናከብር ሮም ላይ ሁለት ሰዎች ፊርማቸውን ያኖሩ ነበር። አንዱ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል፣ ሌላው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነበሩ። ፈረንሳይ በዚያ ስምምነት ለጣሊያን ካስተላለፈቻቸው ነገሮች መካከል የጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮኖች ይገኙበታል። ከ784 ኪሎ ሜትሩ መስመር ጅቡቲ ውስጥ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው በሙሉ የሚያልፈው በኢትዮጵያ መሬት ላይ ነው። ሆኖም ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም። በማግስቱ ዓመት፣ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከቀናት በኋላም የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ይህ ባቡር ከተወለደ ጀምሮ እጅ ሲለዋውጥ ኖሯል። በተለዋወጠ ቁጥር በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት መንግሥታትና ባንኮች ናቸው። ቆጠራው አክሲዮኑን፣ ሎኮሞቲቩን፣ ፉርጎውን፣ ድልድዩን ያዳርሳል። ሃዲዱ ዳር የሚኖረው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ቀለሙ ያልቃል።

የምኖረው ቄራ ነው። በእኛ ሠፈር ዘንድሮ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እናንተንስ ነገሯችሁ?» የሚል ሆኗል። ምኑን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፒያሳ ተነሥቷል፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ነዋሪ ጓዙን በጭነት መኪና ጭኖ ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። ሰው ስለ ቤቱ ሲጨነቅ መጀመሪያ ወረቀቱን ያወጣል። ካርታ ያለው ካርታውን፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆነው የኪራይ ደብተሩን። በቂርቆስ በኩል በአሮጌው ሃዲድ ዳርና ዳር ያለው ሰው ግን የሚያወጣው ወረቀት ምን እንደሆነ ራሱም እርግጠኛ አይደለም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ የሰጡት ፈቃድ የ99 ዓመት ነበር። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ከፋን አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘረጋ ነበር የታሰበው። ሥራው ተጀምሮ ብዙም ሳይርቅ ገንዘብ አጠረ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ሰጠና በዚያው ተቆጣጣሪ ሆኖ ገባ። ምኒልክ የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ፈቃድ የሰጡት ለነጋዴ ነበር፤ አሁን ከነጋዴው ጀርባ ሌላ መንግሥት ብቅ አለ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ደስታቸውን አላሳዩም፤ ከዚያ ወዲህ እንዳይዘረጋም ያዙት። ኩባንያው ከሰረ።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። መርከብም ሆነ የባሕር በር ያልነበረው ንጉሥ፣ መድፍና ጥይቱ፣ ቡናውና ቆዳው በዚያ መስመር እንደሚያልፍ እያወቀ፣ የመሬቱ ባለቤትነት ስለተነካ ብቻ የሚጓጓለትን ባቡር ለዓመታት አስቆመ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ውስጥ የማን ባቡር በየት በኩል እንደሚሄድ ሲከፋፈሉ የምኒልክ ጥርጣሬ መሠረት እንደነበረው ታየ። በ1900 ዓ.ም. አዲሱ ፈቃድ ለግል ሐኪማቸው ለጉዋዴሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ተሰጠ፤ በእሳቸውም በኩል የኢንዶቺን ባንክ ወደደገፈው አዲሱ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ ተላለፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለገሃር የምናየው የድንጋይ ሕንፃ ደግሞ በኅዳር 1922 ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ጣሊያን ያዘው፣ በ1933 ደግሞ እንግሊዝ ተረከበው፣ በ1938 ለኩባንያው ተመለሰ። ዋናው ለውጥ የመጣው በኅዳር 1952 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ተስማምተው የኩባንያው አክሲዮን እኩል የሁለቱ ሆነ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አርጀንቲና የእንግሊዞችን ባቡር በ1940 ዓ.ም. በ150 ሚሊዮን ፓውንድ ስትገዛ አደባባዩ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር ይባላል፤ የእኛው ያለ ጥይትና ያለ ሆታ ነው ያለቀው። በበኩሌ ከጃንሆይ ዘመን ዲፕሎማሲ ከሚጠቀሱት የተሳኩ ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ግን የአክሲዮን ስምምነት ነበር። ግማሹ የማን፣ ግማሹ የማን የሚለውን መለሰ። ጣቢያውን ተከትለው የተቆረቆሩት ሠፈሮች፣ የሠራተኛ ቤቶች፣ የግንድና የድንጋይ ከሰል ማከማቻዎች፣ ከሃዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍት መሬት ድንበሩ የት ድረስ እንደሆነ ለነዋሪው ያሳወቀ አልነበረም።

ከዚያ 1967 መጣ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለቦታው ካሣ አይከፈልም አለ። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ቂርቆስ አካባቢ በአንድ ጭቃ መንገድ ላይ ሦስት አከራይ ተሰለፈ፤ አንዱ ግቢ የቀበሌ፣ ቀጥሎ ያለው የኪራይ ቤቶች፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው «የባቡሩ»። ልጆቹ አንድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች አንድ ቧንቧ ይሰለፋሉ፣ ኪራዩ ግን በየፊናው ነው። በ1969 ጅቡቲ ነፃ ወጣች፣ በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦርነት መስመሩን ቆረጠው፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። የፈረንሳይ ስም ከታርጋው ወረደ። ለነዋሪው የተለወጠው በደረሰኙ ላይ ያለው ማኅተም ብቻ ነው።

የይገባኛል ጥያቄ የሚፈታበትን መንገድ ለማየት የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ማስተያየት ይጠቅማል። ከጣሊያን ጋር የነበረው ሒሳብ በ1948ቱ የካሣ ስምምነት ተዘጋ፤ የቆቃ ግድብ የዚያ ፍሬ ነው። ደርግ የወረሳቸው የአሜሪካ ኩባንያዎችና ዜጎች ጥያቄ ሚቺጋን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ከብዙ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በሰባት ሚሊዮን ዶላር አለቀ። በአገር ውስጥም ቢሆን በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከመውረሻ አዋጆቹ ውጪ ቤትና ድርጅት የተወሰደባቸው ሰዎች አቤት የሚሉበትን በር ከፈተ። የውጭው ሰው መንግሥት ነበረው። የተወረሰው ባለሀብት አዋጅ ወጣለት። ተከራይቶ የኖረው የባቡር ሠራተኛ ግን አልተወረሰበትም፣ አልተመለሰለትም። በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለም።

በቅርቡ ከለገሃር ወደ ደቡብ ሃዲዱን ይዤ በእግሬ ወርጄ ነበር። ሃዲዱ አንዳንድ ቦታ አስፋልት ተደፍቶበታል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በሁለት ቤቶች መካከል ብቅ ይልና የቆሻሻ ቱቦ ሥር ይጠፋል። ፈረንሳዮቹ ከሃዲዱ ሥር ያጋደሙት እንጨት ሳይሆን ብረት ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው። ምስጥ አልበላውም፣ ሰው ግን ሥራ ሰጥቶታል። አንድ በር ላይ የጎርፍ ቦይ መሻገሪያ ሆኗል። ሌላ ግቢ ውስጥ የአጥር ቋሚ ነው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ፣ በአንዱ ቀዳዳ የልብስ ማስጫ ገመድ አልፎበታል።

እዚያው አጠገብ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ የተደረበበት የድንጋይ ቤት በር ላይ አንድ አዛውንት ፀሐይ ይሞቃሉ። ጤና ይስጥልኝ ብዬ አረፍ አልኩ። ድሬዳዋ አቴልዬ፣ ማለትም የባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ ጀምረው አዲስ አበባ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። በአማርኛቸው መሐል ፈረንሳይኛው ሳያስቡት ይገባል፤ የጣቢያ ኃላፊውን «ሼፍ ደ ጋር» ይሉታል።

«አባባ፣ ይህ ቤት የማን ነው?» አልኳቸው።

«የባቡሩ ነዋ።»

«ባቡሩስ የማን ነው?»

ሳቁ። «እሱን ለእኔ ሲነግሩኝ ላንተም እነግርሃለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ ገብተው የላስቲክ ከረጢት ይዘው ወጡ። ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ኪራዩ ከደመወዝ ሲቆረጥ የሚያሳይ በፈረንሳይኛ የታተመ የክፍያ ወረቀት፤ ከዚያ ፈረንሳይኛውና አማርኛው ጎን ለጎን የሆነበት፤ ከዚያ አማርኛ ብቻ የሆነ ደረሰኝ። ማኅተሙ እየተለወጠ፣ ስማቸው ግን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ። ባቡሩ ሥራ ከቀነሰ በኋላ ኪራዩን የሚቀበላቸው ጠፋ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ «ቤቱ የድርጅቱ ስለሆነ እኛን አይመለከትም» ተባሉ። ወደ ሌላው ሄዱ፤ «ድርጅቱ አሁን ሌላ ስለሆነ ፋይሉ እኛ ጋ የለም» ተባሉ። በዚህ መሐል ቆጣሪ አስገብተው የመብራት ይከፍላሉ፣ የውኃ ይከፍላሉ። «የመብራቱ ሰው የማን ቤት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉኝ ወረቀታቸውን መልሰው እያጣጠፉ።

እኚህ ሰው ሕገ ወጥ ናቸው? ተከራይ ናቸው? የቀድሞ ሠራተኛ ናቸው? የልማት ተነሺ ሲመዘገብ መዝጋቢው እጅ ላይ ያለው ቅጽ ባለ ይዞታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የኪራይ ቤቶች ተከራይ እያለ ይከፋፍላል። እሳቸው የሚገቡበት ሳጥን ከሌለ መዝጋቢው ልጅ ምን ያድርግ? ሰነድ የሌላቸውን ይዞታዎች ሥርዓት ለማስያዝ ከተማው የሚጠቀምበት ዋና ማስረጃ በ1988 እና በ1997 የተነሱት የአየር ፎቶዎች ናቸው። የአየር ፎቶ ጣሪያ ያሳያል። ከጣሪያው ሥር ያለው ሰው ለማን ኪራይ ሲከፍል እንደኖረ አያሳይም።

በጎውንም ልናገር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃር ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ ከአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ጋር በ360 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ የሚሠራ፣ ወጪውም 50 ቢሊዮን ብር እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነው፤ እዚያ የሚኖሩት 1,600 ያህል አባወራዎች ከአካባቢው ሳይርቁ ቤት እንዲሠራላቸው መባሉ። ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነው። በዚህች ከተማ ልማት ሲመጣ ነዋሪው ወደ ዳር ሲሄድ ኖሯል፤ እዚያው ይቀራል ተብሎ በአደባባይ መነገሩ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባ ቃል ነው። ሃዲዱ ግን ለገሃር ላይ አያልቅም። ወደ ቂርቆስ፣ ወደ ንፋስ ስልክ፣ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ለገሃር ግቢ ውስጥ የተሰጠው ቃል ከአጥሩ ውጪ ላለው የሃዲድ ዳር ሰው ይሠራል ወይ?

ሁሉም ሃዲድ ዳር ያለ ቤት አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባቡር አዲስ አበባ መምጣቱን ሲያቆም ሌሊት ቆርቆሮ ያቆመም፣ ጋራዥ የከፈተም፣ ያልደከመበትን መሬት ከፋፍሎ የሸጠም አለ። እሱንና ከሠላሳ ዓመት በላይ ከደመወዙ እየተቆረጠ የኖረውን ሠራተኛ በአንድ ቀለም መቀባት ግን ፍርድ አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ሰነድ ነው፤ ሰነዱ ደግሞ የሚበዛው በነዋሪው እጅ ሳይሆን ኩባንያው በተወው መዝገብ ውስጥ ነው።

ናይሮቢ ከእኛ የከፋ ነበረች። ኪቤራ ውስጥ ከኡጋንዳው ባቡር ሃዲድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሱቅና ቤት ተደርድሮ፣ ባቡር ሲመጣ ነጋዴው ዕቃውን ሰብስቦ መልሶ ይዘረጋ ነበር። የኬንያ ባቡር ድርጅት በዓለም ባንክ ድጋፍ መስመሩን ሊያስለቅቅ ሲነሳ ካርታ ያለው የት አለ ብሎ አልጀመረም፤ እዚያ ማን እንዳለ ቤት ለቤት ቆጠረ፣ ከዚያ በሃዲዱ ዳር ራቅ አድርጎ መኖሪያና ሱቅ ሠራላቸው። ሥራው ዘገየ፣ ቅሬታም አላጣም። ቆጠራው ግን ከግሬደሩ ቀድሟል።

ሕጋችንም ቢሆን በሩን ጨርሶ አልዘጋም። የ1997ቱ የማስለቀቅ አዋጅ በካሣው ላይ ቅሬታ መቅረቡ ብቻውን የማስለቀቁን ሥራ አያቆምም ይል ነበር። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1161 ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም አዘዘ። ጥሩ ነው። ችግሩ ቅሬታ ሰሚው ፊት የሚቀርበው ሰው «ይህ ቤት የድርጅቱ ስለመሆኑ ማስረጃ አምጣ» ሲባል ማስረጃው የሚገኘው ድርጅቱ ጋ መሆኑ ነው። ድርጅቱስ? አሮጌው በፈረንሳይኛ ሲጽፍ የኖረ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ መድረሱን ያቆመ ነው። አዲሱ በ2009 መስከረም ለቡ ላይ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 ከመቶ የያዙበት አክሲዮን ማኅበር። በግንቦት 2016 የቻይና ኩባንያዎች ሥራ አመራሩን ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ሲያስረክቡ ደስ ብሎናል፤ መኪናውን መንዳት፣ ምልክቱን ማንበብ፣ ጥገናውን መሥራት በእጃችን ገባ። የዚያ ርክክብ ደስታ ግን የድሮውን ርክክብ ጉድለት አይሞላም። አዲሱ ማኅበር የአሮጌውን ሃዲድ ቤቶች አያውቃቸውም፤ ይወቅ ማለትም ይከብዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የድሮው ባቡር የቤትና የመሬት መዝገብ የትኛውም መጋዘን ውስጥ ይሁን ይውጣ፤ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ የድሮ ሠራተኞች ገና በሕይወት አሉ፣ ከሚመለከታቸው የከተማው ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ያንብቡት። የባቡር ቤት ተከራይና የቀድሞ ሠራተኛ የሚባል ሳጥን በምዝገባ ቅጹ ላይ ይጨመር። የሃዲዱ ወሰን እስከ የት እንደሆነ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሰው ድንበሩን ካየ ይከራከራል ወይ ይቀበላል። ምኒልክ ስለ መሬታቸው ባለቤትነት ባቡር አስቁመዋል፤ እኛ አንድ ግሬደር ለጥቂት ሳምንት ማቆየት አያቅተንም።

በቂርቆስ፣ በቄራ፣ በጎተራ ወይም በሌላ ቦታ ሃዲድ ዳር የምትኖሩ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ የባቡር ሰው የነበሩ ካላችሁ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ቤት ስታጸዱ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን አሮጌ ወረቀት አትጣሉት። የክፍያ ወረቀት፣ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የጡረታ ደብተር፣ ምንም ይሁን ፎቶ ኮፒ አንሱት፣ ዋናውን እናንተ ጋ አስቀሩ፣ ኮፒውን ለወረዳው በደብዳቤ አስገብታችሁ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ። መዝጋቢው በራችሁን ከማንኳኳቱ በፊት ይህን ጨርሱ።